ዓሣ ድንጋይ ይበላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለዕረፍት ከቤር ሼቫ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው የእስራኤል ከተማ ኤይላት ወርደን ነበር። ውሃው ሸሸት ሲል አለቱ ላይ ጣት የምታክል ቡናማ ነገር አየን። ድንጋዩን ጫር ጫር ታደርጋለች፣ ስንጠጋት እመር ብላ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ባለቤቴ “እንሽላሊት ናት” አለ። ትንሹ ልጄ ደግሞ “ዓሣ ናት፣ ድንጋይ እየበላች ነው” ብሎ ድርቅ አለ። በጠርሙስ ይዘናት እንሂድ ሲልም በስንት ልመና ነው የተወው። ማን ነው ትክክል?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ረትቷል። ዓሣ ናት። እኛ ዓሣ ሲባል የጣና ቆሮሶና አምባዛ ነው የሚመጣልን፣ የዚችን የአማርኛ ስም ስለማላውቅ እኔም እንደ ፈረንጁ ብሌኒ ልበላት።

ድንጋዩን ግን አትበላም። አለቱን በእጅዎ ቢነኩት የሚያዳልጥ ስስ አረንጓዴ ነገር አለ አይደል? አልጌ ነው። ቀለቧ እሱ ነው፣ አልጌው ውስጥ ከተያዘው ደቃቅ ጉድፍ ጋር። አሁን ጥርሷን ይዩልኝ። ማጉያ መነጽር ይዘው የላይኛው ከንፈሯን ቢያዩ ከመቶ በላይ ጥርሶች እንደ ሚዶ ተደርድረዋል፣ አንዱም ከፀጉር ብዙ አይወፍርም። የእኛ ጥርስ አጥንት ውስጥ ተተክሎ ንቅንቅ አይልም፣ የእሷ ግን ድድ ላይ ስለተሰካ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ድንጋዩ ቢጎረብጠውም ይተጣጠፋል። አፏን አለቱ ላይ ለጥፋ አንዴ ጭር፣ ትንሽ ሄድ ትልና ደግሞ ጭር። ከዘመዶቿ አንዷን ሳይንቲስቶች በላቲን “ጥርስ የለሽ” የሚል ስም ሰጥተዋታል። ያን ሁሉ ጥርስ ይዛ!

ባለቤትዎም አይፈረድባቸውም። ከውሃ ወጥቶ የሚዘል ዓሣ ማን ይጠብቃል? ቅርፊት የላትም፣ ሰውነቷ ሙልጭልጭ ያለ ነው፣ እንዲያ እርጥብ እስከሆነች ድረስ በቆዳዋም በስንጥቧም ከአየር ኦክስጅን ትወስዳለች። ለዚህ ነው ማዕበሉ የሚረጨው ቦታ ላይ የማትጠፋው፣ ፀሐይ ካደረቃት ግን አለቀላት። ከጉሮሮዋ ሥር ያሉት ሁለት ቀጫጭን ክንፎች እንደ እግር ይደግፏታል። መዝለል ስትፈልግ ጅራቷን ወደ ጎን አጥፋ ድንጋዩን ትገፋና እርስዎ እንዳሉት እመር ነው። እንቁላሉም እዚያው የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ የሚጠብቀው ደግሞ አባትየው።

ለልጅዎ አንድ ወሬ ልጨምርለት። እ.ኤ.አ. በ1830 ቀይ ባሕር ውስጥ ካሉት ብሌኒዎች ለአንዳንዶቹ ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ ነው። ሰውዬው ከዚያ ወደ እኛ አገር ተሻግሮ ጎንደርንና ስሜንን አይቷል። የዋሊያ፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስምም የእሱ ሥራ ነው። እንግዲህ ያቺ ጣት የምታክል ዓሣ ከእነዚያ አንዷ ከሆነች፣ እሷና የስሜኑ ዋሊያ በክርስትና አባት ይገናኛሉ ማለት ነው።

ጠርሙሱን እንኳን ተዋችሁት። የቧንቧ ውሃ ይገድላታል፣ የባሕር ውሃም ቢሆን ጠርሙስ ውስጥ ቶሎ ይሞቃል፣ የምትግጠው አለትም የላትም። ኤይላት ያለው የኮራል ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ከነበራችሁ ደግሞ ምንም ነገር ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ልጁ አልሰማም ካለ ኪኔሬት ሐይቅ (የገሊላ ባሕር) ይውሰዱት፣ እዚያ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር የብሌኒ ዘመድ አለ። ኤይላት ከተመለሳችሁም ጥላችሁ ጉድጓዷ ላይ እንዳያርፍ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና ዝም በሉ። መጀመሪያ ሁለት ዓይን ብቅ ይላል፣ አንዱ ወደ እናንተ፣ አንዱ ወደ ባሕሩ።