ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሰው እርሻ ስትሄዱ

ውድ ወጣት ወላጆች፣

በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ የወዳጆቼ ልጆች በየጊዜው አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «ከሥራ ፈቃድ ወስደን፣ ልጆቻችንን ይዘን፣ የሚበሉትን ራሳቸው በሚያመርቱ ሰዎች እርሻ ላይ በበጎ ፈቃድ እየሠራን ብንዘዋወር ምን ይላሉ?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን በአፈርና በሰብል ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና በደስታ ሂዱ እላለሁ። አትዘዋወሩ ግን። አንድ እርሻ ምረጡና እዚያው ቆዩ።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ አዲስ አይደለም። ዛሬ ዉፍ (WWOOF) እየተባለ የሚጠራው እንቅስቃሴ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በለንደን በጸሐፊነት ትሠራ የነበረችው ሱ ኮፓርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቅዳሜና እሑድን በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ እርሻ ላይ ለመሥራት ወጣች። ሐሳቡ ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገሮችን አዳረሰ። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፣ ባለእርሻው መኝታና ምግብ ይሰጣል፣ ገንዘብ በመካከላቸው አይገባም።

ቆዩ የምለው እርሻ የራሱ ጊዜ ስላለው ነው። ፍጅል ተዘርቶ ለመብላት አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል፤ በአውሮፓ በጥቅምት የተተከለ ነጭ ሽንኩርት ግን የሚነቀለው በቀጣዩ ሰኔ ወይም ሐምሌ ነው። በደንብ የተከመረ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሲየስ ይግላል፣ እየተገላበጠ በስሎ ጥቁር አፈር እስኪመስል ግን ወራት ይፈልጋል። በየሳምንቱ እርሻ የሚቀይር ቤተሰብ ወይ መዝራቱን ወይ መሰብሰቡን ብቻ ያያል። በመካከል ያለውን፣ ዝናብ የሚጠበቅበትን፣ አረምና ተባይ የሚያስጨንቁበትን ጊዜ ሳያይ ይመለሳል። ባለእርሻውም ቢሆን ነገ ለሚሄድ ሰው ዛፍ መግረዝን ወይም ዘር መምረጥን አያስተምርም፤ ዶማ ሰጥቶት አርም ይለዋል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ለልጆች ደግሞ መቆየቱ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። የከተማ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት በፍርሃትና በመሰላቸት ያሳልፋል። ፍየሏ ትወጋኛለች ይላል፣ ሽንት ቤቱ ይሸታል ይላል፣ ስልክ ይጠይቃል። እየቆየ ሲሄድ ማንም ሳያዘው በጠዋት ተነሥቶ እንቁላል ሊለቅም ይወጣል። ብዙ ወላጆች ሻንጣቸውን የሚያስሩት ልክ በዚያን ጊዜ ነው፤ ይህን ሳይ እጅግ አዝናለሁ። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ የምትፈለፍለው በ21 ቀን ነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ይህን የቆይታችሁ ዝቅተኛ ገደብ አድርጉት። በመጣበት ሰሞን የታቀፈችውን ዶሮ ያየ ልጅ ጫጩቶቹ ሲወጡ እዚያው ይገኝ።

ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ቤት ካልገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይራ ወደሚለቀምበት አካባቢ ብትሄዱ ደስ ይለኛል፤ ወደ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል ወይም ግሪክ። ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይከናወናል። ከዛፉ ሥር መረብ ይነጠፋል፣ ትልልቆቹ ቅርንጫፉን ያራግፋሉ፣ ትንንሾቹ ከመረቡ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ያወጣሉ። ከሕፃን እስከ አያት ሁሉም የሚሠራው የሚያገኝበት እንዲህ ያለ የእርሻ ሥራ ብዙ አላውቅም። ፍሬው ብዙ ሳይቆይ ወደ መጭመቂያ ይወሰዳል፤ ለአንድ ሊትር ዘይት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ፍሬ እንደሚያስፈልግ በገዛ እጁ የለቀመ ልጅ ዘይት አያባክንም። ዛፉም ባዕድ አይደለም፤ እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው። ወቅቱ ኅዳር 15 ከሚገባው ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም የምትጾሙ ከሆነ ለባለእርሻዎቹ አስቀድማችሁ ጻፉ። ጎመንና ባቄላ ከጓሮ በሚቀጠፍበት ቤት የጾም ምግብ አይቸግርም። ሃላል የምትበሉም እንዲሁ አሳውቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለታችሁ አንድ ነገር ተነጋገሩ፦ አንዳችሁ ስትሠሩ ልጁን የሚጠብቀው ማን ነው? ሁለት ሠራተኛ ይመጣልኛል ብሎ የጠበቀ ገበሬ አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ ሕፃን ሲከተል ቢያይ ቅር ይለዋል፤ እውነት አለው። ስለዚህ ሁለታችሁ እንደ አንድ ሠራተኛ እንድትቆጠሩ በግልጽ ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የውሃ ጉድጓዱ ክዳን እንዳለው፣ ውሻው ልጅ እንደለመደ፣ ቅርቡ ክሊኒክ የት እንደሆነ ጠይቁ። የቴታነስ ክትባታችሁን አረጋግጡ። ደመወዝ የለውም ብላችሁም በቱሪስት ቪዛ አትሂዱ። ለምሳሌ ኒውዚላንድ በምግብና በመኝታ የሚሠራውን ሥራ እንደ ሥራ ትቆጥረዋለች። የእኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ በድንበር ላይ ብዙ ይጠየቃል፤ ኤምባሲውን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ጀርመን የምትኖሩ ትምህርት በግዴታ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የተማሪ ጉዞ በእረፍት ጊዜ ብቻ ይሁን።

ራሱን የቻለ የሚባለውን እርሻ ስታዩም ዓይናችሁን ክፈቱ። ጨው ይገዛል፣ ነዳጅ ይገዛል፣ ግብር ይከፍላል፤ አንዱ የትዳር አጋር ከተማ ወርዶ ደመወዝ የሚያመጣበትም አለ። ይህን የማይደብቁ ሰዎች ዘንድ ብታርፉ ብዙ ትማራላችሁ። ምን እንደሚሸጡና ምን እንደሚገዙ ጠይቋቸው። ማሳውን ብቻ አይቶ የሂሳብ መዝገቡን ሳያይ የተመለሰ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው ያወቀው።

አሁን በልቤ ወዳለው ጉዳይ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ በየክረምቱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ኢትዮጵያ ትመጣላችሁ፤ አዲስ አበባ ሆቴል ታርፋላችሁ፣ ገጠር ያሉትን አያቶች ለአንድ ቀን ጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ። የትምህርት ቤታቸው እረፍት እኮ የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ፣ አረም የሰው እጅ አጥብቆ በሚፈልግበት ወቅት ነው። የጤፍ አረም ጎንበስ ብሎ በእጅ የሚነቀል አድካሚ ሥራ ነው፤ ወንፈልና ደቦም ለዚሁ ይጠራል። ልጃችሁ የቶስካናን ወይራ ለመልቀም አውሮፕላን የሚሳፈር ከሆነ በአያቱ ማሳ ላይ ሁለት ሳምንት ቢያርም ምን ያስቸግራል? በአያቱ አፍ የሚነገረውን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ እዚያ ይሰማል፤ በማሳው ላይ ማን እንደሠራ፣ ዘሩ ከማን እንደመጣ ይጠይቃል።

ይህን ስታደርጉ አንድ ነገር እንዳትረሱ እለምናችኋለሁ። ክረምት ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ነው። ለእንግዳ ተብሎ የሚታረደው ዶሮና የሚጋገረው እንጀራ ከቤተሰቡ ቀለብ ላይ የሚቀነስ ነው፤ አያቶቻችሁም ይህን በፍጹም አይነግሯችሁም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በወረዳው ገበያ ጤፍ፣ ዘይትና ጨው ገዝታችሁ ቤታቸው አድርሱ፤ ልጆቹ አረም የሚገቡበትንም ቀን ባለማሳው ይወስን።