ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ለሚስበው መኪና

ወንድሜ፣ ፍሬን ስትይዝ መኪናህ ወደ ግራ እንደሚስብ፣ የቀኝ ፊት ጎማ የውስጥ ፍሬን ሸራ አልቆ የውጪው ግን ገና አዲስ እንደሚመስል ጽፈሃል። ሸራ ብቻ ብትቀይር ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። እኔ የምጠረጥረው ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ከሁለት ወገን የሚጫነው ክፍል፣ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች ነው። ዝገው ሲነክሱ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ገፊ ፒስተን የውስጡን ሸራ ብቻ ይገፋል፤ ካሊፐሩ ተንሸራትቶ የውጪውን ሸራ ዲስኩ ላይ ማጣበቅ ያቅተዋል። ቀኙ ሲደክም መኪናው ጤነኛ ፍሬን ወዳለበት ወደ ግራ ይሳባል።

ፒኖቹን አውጥተህ እያቸው። ጤነኛ ፒን በጣት ስትገፋው ያለ ችግር ይገባል፣ ይወጣል። ግራሶው ደርቆ ቡናማ ከሆነ በፍሬን ማጽጃ እጠበው፤ ዝገት ከቦረቦረው ግን በብርጭቆ ወረቀት አትድከም፣ ቀይረው። የምትቀባው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ይሁን፤ ተራው ግራሶ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል። ካሊፐሩን በፍሬን ዘይት ቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ እሰረው። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ስትመልስ የፍሬን ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ፤ ቀለም ይበላል። ሸራውን በግራም በቀኝም ቀይር።

አጥብቄ የምለምንህ ግን በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንዳትገባ ነው። የብረት መደገፊያ አስገባ፣ ለኋላ ጎማዎችም ታኮ አድርግ። ገጥመህ ስትጨርስ፣ መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት፣ ፔዳሉን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ርገጠው፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ድረስ ይወርዳል።

ፒኖቹ ንጹሕ ሆነው ካገኘሃቸው የፒስተኑን እንቅስቃሴ መርምርና ያየኸውን ጻፍልኝ።