ኪቦርዱ በሌላ ቶን ሲገባ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሆነን በምንጫወትበት ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ 200 ያህል ሰው በተገኘበት አዳራሽ የ45 ደቂቃ ዝግጅት ነበረን። የደረስነው ሰው መግባት ሊጀምር 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሳውንድ ቼክ ያደረግነው በአንድ ለስላሳ ዘፈን ብቻ ነበር።

ለሁለተኛው ዘፈን ትራንስፖዙን (የምነካውን ቁልፍ ሳልቀይር ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግልኝን ማስተካከያ) ፕላስ 2 አድርጌ ነበር። ሦስተኛው በሲ ሜጀር ነው፤ ወደ ዜሮ ሳልመልሰው ገባሁ። ድራሙ አጠገቤ ስለነበር ራሴን አልሰማም ነበር። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያወቅኩት ቤዙን የሚጫወተው ልጅ ዞሮ ሲያፈጥብኝ ነው፤ ያኔ አንደኛው አንጓ አልቋል። ደንግጬ ትክክለኛውን ቁልፍ በእጄ መፈለግ ስጀምር ደግሞ ባሰ።

በዚህ አላበቃም። አምስተኛው ላይ ድምፃዊቷ ከትልልቆቹ ስፒከሮች ፊት ወጣችና የማይኩን ጭንቅላት በመዳፏ ጨበጠችው፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ወጣ። ሰባተኛው ላይ የጊታሩ አንደኛ ክር ተበጠሰ። ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ የሚወዛወዝ ዓይነት ስለሆነ የቀሩት አምስት ክሮችም አብረው ከቅኝት ወጡ። በመጨረሻው ዘፈን መሀል የመድረኩ መብራትና ድምፅ በአንዴ ጠፋ፤ የአዳራሹ መብራት ግን እንደበራ ነበር። ድራመራችን አላቆመም። ድምፃዊቷም ያለ ማይክ ቀጠለች፤ ሰዉ በጭብጨባ ተቀብሎ አዝማቹን አራት ጊዜ አብሯት ዘፈነ። እስካሁን ያገኘን ሰው ሁሉ የሚያነሳልን ይህንኑ ነው።

ጓደኞቼ ግን «ያበላሸን ኪቦርዱ ነው» ይላሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ መድረክ አለን። ከባንዱ ልውጣ ይሆን? ካልወጣሁስ ይህ ሁሉ እንዳይደገም ምን እናድርግ? የመጨረሻው ዘፈን ላይ የሆነው እንዲሁ ዕድል ነው ወይስ ሊለማመዱት ይቻላል? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

እንቅልፍ ያጣችው ኪቦርዲስት

መልስ

እህቴ፣ አትውጪ። ትራንስፖዝ ሳይመልሱ መግባት ኪቦርድ የሚጫወት ሁሉ የሚፈራው ስህተት ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ እሱ ሳይሆን «ራሴን አልሰማም ነበር» ያልሽው ነው። ራስሽን ብትሰሚ ኖሮ ስህተቱ ከመጀመሪያው ባር፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ አራት ምቶች፣ አያልፍም ነበር። አንድ ተጫዋች ራሱን ሳይሰማ መድረክ ላይ ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የአምስታችሁም ነው።

ያን ያህል የከፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጊታሩ ሲ፣ ኢ፣ ጂ ሲመታ ከአንቺ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ይወጣል። እያንዳንዱ ድምፅ ከጎረቤቱ በሁለት ሰሚቶን (ሰሚቶን ግማሽ ቶን ነው) ብቻ ስለሚርቅ ሦስቱም በአንድ ላይ ይጋጫሉ። የሙዚቃ ዕውቀት የሌለው ሰው እንኳ ፊቱን የሚያኮማትርበት ድምፅ ነው። በዚያ ሰዓት ትክክለኛውን ቁልፍ በእጅ መፈለግ ግጭቱን ማራዘም ብቻ ነው። ሁለቱንም እጅሽን አንሺ። ቤዝና ድራም ዘፈኑን ይይዙታል። ትራንስፖዙን ወደ ዜሮ መልሺና የሚቀጥለው ስምንት ባር ሲጀምር ግቢ። በ120 ቴምፖ (በደቂቃ 120 ምት)፣ በአራት ምት ሲቆጠር፣ አንድ ባር 2 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ቢበዛ 16 ሰከንድ ዝም ትያለሽ። ኪቦርድ ለ16 ሰከንድ ዝም ቢል አብዛኛው አድማጭ የዘፈኑ አሠራር ይመስለዋል። በተሳሳተ ቶን ግን አራት ሰከንድም ይበዛል።

እንዳይደገም ከፈለግሽ መድረክ ላይ ትራንስፖዝን በእጅ መነካካት ተዪ። ኪቦርድሽ የእያንዳንዱን ዘፈን ድምፅና ማስተካከያ በየቁጥሩ የሚያስቀምጥ ከሆነ ትራንስፖዙን አብረሽ አስቀምጪው። አንዳንድ ኪቦርድ ድምፁን ይይዝና ትራንስፖዙን ይተወዋል፤ ስለዚህ አስቀምጠሽ አጥፊው፣ መልሰሽ አብሪው፣ ከቁጥር ወደ ቁጥር እየዘለልሽ ፈትኚው። የማይዝ ከሆነ በዘፈን ዝርዝሩ ላይ በእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ቁጥሩን በወፍራም ጻፊ፤ ዜሮ የሆነውንም ሳይቀር። ሰው የሚረሳው ዜሮውን ነውና።

አሁን ወደ መስማቱ። ወለል ላይ የተቀመጠ ሞኒተር (ሙዚቀኛው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ኪቦርዲስትን ብዙ ጊዜ አያገለግላትም፤ ኪቦርዱ ራሱ በሞኒተሩና በጆሮዋ መካከል ይጋርዳል። ወደ ጎንሽ አዙሪው፣ ከተቻለም ከፍ አድርጊው። ወደ ሞኒተርሽ ራስሽን፣ ድምፃዊቷንና ትንሽ ቤዝ ብቻ አስገቢ። ድራሙ አጠገብሽ ነው፣ አያስፈልግሽም። የጊታሩ አምፕሊፋየርም ወለል ላይ ከሆነ የሚጮኸው ለጊታሪስቱ ጉልበት ነው። ስለማይሰማው ይጨምራል፣ ድራመሩ ጠንክሮ ይመታል፣ አንቺ ትጠፊያለሽ። ወንበር ላይ ይውጣ ወይም ወደ ኋላ ጋደል ይበል፤ ጊታሪስቱ ሳትነግሩት ራሱ ይቀንሰዋል።

ይህ ሁሉ በ20 ደቂቃ አይሠራም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስፈልጋችኋል፤ ሩብ ሰዓቱ ለመትከል፣ አሥር ደቂቃው እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ለመስማት፣ ሩብ ሰዓቱ ለሞኒተር ብቻ፣ የቀረው በጣም ከሚጮኸው ዘፈናችሁና በጣም ከሚለሰልሰው አንዳንድ አንጓ ለመጫወት። በለስላሳ ዘፈን ብቻ የተለካ ሞኒተር የሚጮኸው ዘፈን ሲመጣ ይሰጥማል። አዳራሹ ሰው ሲሞላ ደግሞ የሰዉ ሰውነትና ልብስ ቀጭን ድምፆችን ስለሚውጥ ባዶ ቤት ጥርት ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ሳውንድ ማኑ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ፉጨቱም ይቀርባል።

ስለ ፉጨቱ ለድምፃዊቷ ሁለት ነገር ንገሪያት። ማይኩ ከስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ሲቀበል ዙሩ እየተደራረበ ይጮኻል፤ ስለዚህ ከትልልቆቹ ስፒከሮች ፊት መውጣት የለባትም። ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር ይሰመርላት። ሁለተኛው የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ መጨበጥ ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው የተለመደው ማይክ ከኋላው የሚመጣን ድምፅ የሚቀንሰው ከካፕሱሉ (ድምፅ ከሚቀበለው ክፍል) ጀርባ ባሉ ክፍተቶች ነው፤ እነሱ ከተደፈኑ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ብዙ ሰው ፉጨት ሲሰማ ማይኩን ለማፈን መዳፉን ይጭንበታል፤ ያባብሰዋል እንጂ አያቆመውም። እንደያዘችው ከስፒከሩ ትራቅ፣ ሳውንድ ማኑም የእሷን መስመር ይቀንስ።

ካርዲዮይድ ከሆነ ሞኒተሯ ከማይኩ ጀርባ ትይዩ ይቀመጥ። ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊት ለፊት ያለውን ይበልጥ አጥብቦ የሚሰማ ማይክ) ከሆነ ግን በጣም ትንሽ የሚሰማው ከፊቱ ተለክቶ በ125 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሞኒተሩ ወደ ጎን ይዙር። ከንፈሯን ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 5 ብታቀርብ 6 ዴሲቤል ያህል ታተርፋለች። የማትጠቀሙበትን ማይክ ዝጉ፤ የተከፈቱ ማይኮች ከሁለት አራት ሲሆኑ ፉጨት ሳይመጣ ድምፅ የምትጨምሩበት መጠን በ3 ዴሲቤል ይጠባል። አዳራሹ ባዶ ሳለ ሳውንድ ማኑ የሞኒተሩን ድምፅ ቀስ እያለ ይጨምር፤ መጀመሪያ የሚያፏጨውን ድምፅ በኢኳላይዘሩ (ቀጭንና ወፍራም ድምፆችን ለየብቻ በሚያስተካክለው) ላይ ፈልጎ በ3 ዴሲቤል ይቀንሰው፣ ከዚያ ቀጣዩን። ከአራት አምስት ቦታ በላይ ከቆረጠ ግን የድምፃዊቷ ድምፅ ሕይወት ያጣል። ያኔ የሞኒተሩን ወይም የማይኩን ቦታ መቀየር ይሻላል።

የጊታሩ ክር ጉዳይ ቀላል ነው። በሚወዛወዝ ብሪጅ ላይ የክሮቹን ስበት የሚመክቱት ከኋላ ያሉ ስፕሪንጎች ናቸው። 010 በሚባለው መደበኛ የክር ውፍረት ስድስቱ በድምሩ ወደ 46 ኪሎ ይስባሉ፣ አንደኛው ብቻውን ወደ 7 ኪሎ። እሱ ሲበጠስ ስፕሪንጎቹ ያሸንፋሉ፣ ብሪጁ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ የቀሩት ክሮች ሁሉ ይወጠራሉ። መፍትሔው የተቃኘ ትርፍ ጊታር አጠገብ ማቆም ነው። ያ ካልተገኘና ጊታሩ የሚፈቅድ ከሆነ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጥብቆ ብሪጁን በጊታሩ አካል ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ክር ቢበጠስም ወደ ኋላ የሚሄድበት አያገኝም። የተበጠሰውን ክር ሳይጥለው ይየው። ከብሪጁ ጋ ከሆነ የተቆረጠው ክሩ የሚያርፍበት ብረት ስለት አውጥቷል፤ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ያለስልሰው። ክሩን ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይቀይር፣ በእጁ ሳብ ሳብ እያደረገ ደጋግሞ ይቃኘው።

መብራቱን በተመለከተ፣ አዳራሹ በርቶ መድረኩ ብቻ ከጠፋ የወደቀው የመድረኩ ብሬከር መሆኑን መጠርጠር ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሆነ መስመር የሚችለው 2,200 ዋት ነው። ባለ 1,000 ዋት ሁለት መብራት ከሰካችሁበት ለድምፁ የቀረው 200 ዋት ብቻ ነው። ድምፁን ከመብራቱ በተለየ መስመር ስኩ፤ ስትደርሱም ብሬከሩ የት እንዳለና ማን እንደሚነካው ጠይቁ። ኃይል ሲቋረጥ ሳውንድ ማኑ ወዲያው አምፕሊፋየሮቹን ያጥፋ፤ ሲመለስ ሚክሰሩ ቀድሞ ይብራ፣ አምፕሊፋየሮቹ መጨረሻ። ያለዚያ ኃይሉ ሲመለስ የሚወጣው ድብደባ ስፒከር ያቃጥላል።

የኤርዝ እግር ተቆርጦ የተሰካ ነገር ካያችሁ ግን አትጫወቱበት። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክ ነክቶ በኤሌክትሪክ ሞቷል። ከመጀመራችሁ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) በጊታሩ ክርና በማይኩ ብረት መካከል ለኩ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። በአሥር የሚቆጠር ቮልት ከታየ ነቅላችሁ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ልምጣ። ልምምድ ይቻላል። አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምፃዊት ኤላ ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1960 በርሊን ላይ ስትዘፍን ግጥሙ ጠፋባትና መድረኩ ላይ የራሷን ግጥም እየፈጠረች ቀጠለች፤ ያ ቅጂ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ቅጂውን ስታዳምጪ አብረዋት ያሉትን አራት ሙዚቀኞች ስሚያቸው፤ ቴምፖው ንቅንቅ አይልም። እሷ የፈለገችውን መፍጠር የቻለችው ከሥሯ ያለው ወለል ስላልተናወጠ ነው። ቅዳሜ ማታ ድራመራችሁ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

በየልምምዱ አሥር ደቂቃ ለዚህ መድቡ። በዘፈን መሀል አንዱ ሳያስጠነቅቅ ዋናውን ማብሪያ ያጥፋው። ድራመሩ ወዲያው ወደ ጠርዝ ምትና ወደ ቀላል ኪክ (በእግር ወደሚመታው ትልቁ ድራም) ይውረድ፤ በሙሉ ኃይሉ ከመታ ማይክ የሌላት ድምፃዊት አትሰማም። እሷ ወደ መድረኩ ጫፍ ትውጣ፣ ሦስታችሁ ጭብጨባውን ምሩ። ምልክትም ይኑራችሁ፤ እጅ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ወደ መጀመሪያው መመለስ፣ የተጨበጠ ቡጢ ከሆነ ማቆም። ለድራመሩ አጥብቃችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር አለ። 20 ሜትር ርቆ ላለ ሰው የድራሙ ድምፅ የሚደርሰው ከ58 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው፤ የሰውየው ጭብጨባ ተመልሶ መድረክ ለመድረስ ሌላ 58 ይፈጅበታል። ድራመሩ ያንን ጭብጨባ ከተከተለ ዘፈኑ በየባሩ ይጎተታል። በራሱ ቆጠራ ይጽና።

ከጓደኞችሽ ጋር ስለ ቅዳሜው የምትነጋገሩት ቅጂው ካለ አብራችሁ እየሰማችሁ ይሁን። ለሚቀጥለው ደግሞ ከአዳራሹ መሀል በስልክ ይቀረጽ፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ድካሙም ንዴቱም ሲበርድ ስሙት።

በመጨረሻም ለአንቺ ለብቻሽ። ኃይሉ ሲመለስ ሮጠሽ አትግቢ። ያለ መሣሪያ የዘፈነች ድምፃዊት ሳታውቀው ግማሽ ቶን ዝቅ ብላ ልትገኝ ትችላለች። ሄድፎን አድርገሽ፣ ድምፅሽን ወደ ስፒከር ዘግተሽ አንድ ቁልፍ በመንካት ካለችበት ጋር አስተያዪ። አንድ ሰሚቶን ከወረደች ለቤዝና ለጊታሩ አንድ ፍሬት (በአንገቱ ላይ አንድ ክፍል) እንዲወርዱ በጣትሽ ምልክት ስጪ፣ አንቺ ትራንስፖዙን ማይነስ 1 አድርጊና ከሚቀጥለው አዝማች መጀመሪያ አብራችሁ ግቡ። ዘፈኑ እንዳለቀ ወደ ዜሮ መልሺው።