ቴምብርና ጠገራ ብር ከደሴ ወደ ውጭ መላክ፦ ጥያቄና መልስ

ጦሳ፦ ቴምብር፣ ጠገራ ብርና አሮጌ የብር ኖት ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ወደ ውጭ ስለመላክ ጠይቁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። የመከታተያ ቁጥር መድን አይደለም። ሳንቲም ደግሞ አታጽዱ።

ቦርከና፦ ጋሼ፣ ወደ ጀርመን 40 ያህል የጃንሆይ ዘመን ቴምብሮች ልልክ ነው። አደራ (ተመዝግቦ የሚላከው) ይሻላል ኢኤምኤስ (ፈጣኑ የፖስታ አገልግሎት)?

ጦሳ፦ ዋጋቸውን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? አደራ ደብዳቤ ቢጠፋ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የሚከፈለው 30 ኤስዲአር (የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፣ ወደ 40 ዶላር ማለት ነው። ቴምብሮችህ ከዚያ ካልበለጡ አደራ ይበቃሃል። ከበለጡ ዋጋው ተገልጾ የሚላክ፣ መድን ያለው መልዕክት ጠይቅ። ይህን አገልግሎት ሁሉም አገር አይቀበልም፤ ስለዚህ መስኮቱ ላይ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ጀርመን ይቀበላል ወይ? እስከ ስንት?» ብለህ ነው። ኢኤምኤስ የሚጨምርልህ ፍጥነት ነው። የካሳው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ።

ሆጤ፦ በግል ፈጣን መልዕክት ድርጅት ብልክስ? እነሱ ሙሉ ይከፍላሉ ይባላል።

ጦሳ፦ ማን ነው የሚለው? በሞንትሪያል ስምምነት የአየር ጭነት የኃላፊነት ጣሪያ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው። የቴምብር ፖስታህ 50 ግራም ቢመዝን ስሌቱ 1.3 ኤስዲአር ይሆናል፤ ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። ክብደት እንጂ ብርቅነት አይመዘንልህም። ተጨማሪ ሽፋኑን በላክህበት ሰዓት ካልገዛህ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። የማይቀበሏቸውን ዕቃዎች ዝርዝርም አስቀድመህ አንብብ፤ የተከለከለ ዕቃ ከሆነ መድን ገዝተህም አይከፈልህም።

ሳላይሽ፦ እንዴት ልጠቅልለው?

ጦሳ፦ ምኑን? ቴምብር ነው ሳንቲም?

ሳላይሽ፦ ሁለቱንም።

ጦሳ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ሁለቱን በአንድ ፖስታ አትላኪ። ሳንቲሙ በጉዞው ሁሉ ቴምብሩን ሲደበድበው ይከርማል።

ቴምብሩን በግላሲን (ስስና ለስላሳ ወረቀት) ከረጢት አድርጊና በሁለት ካርቶን መሃል አስገቢው። የአንዱ ካርቶን ሞገድ በቁመት፣ የሌላው በአግድም ይሁን። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ በዚያው መስመር ይታጠፋሉ። ካርቶኑ ከቴምብሩ በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ፕላስተር ካርቶኑን ከካርቶን ያያይዝ እንጂ ግላሲኑን አይንካ፤ ተቀባዩ ፕላስተሩን ሲልጥ አብሮ ይቀደዳል። የፕላስተሩን ጫፍ አጥፈሽ ብትተዪለት ደግሞ ያመሰግንሻል። ሙጫው ያልተነካ ቴምብር ከሆነ የደሴ ክረምት ጉም ጠላቱ ነው። እርጥበት እንዳለ አየር በማያስገባ ላስቲክ ከታሸገ ቆላ ሲወርድ ሙጫው ይለሰልሳል፤ አራቱ ቴምብር አንድ ሆኖ ይደርሳል። ደረቅ ቀን ጠብቀሽ አሽጊ፣ አንድ ትንሽ የሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ከረጢት ከካርቶኑ ውጭ ጨምሪ።

ሳንቲም እያንዳንዱ ለብቻው። ሁለት ጠገራ ብር ከተነካካ ጠርዝ ለጠርዝ ይፋጫል፤ ጭረቱ አይጠፋም። ለስላሳውን የፒቪሲ ላስቲክ ተዪው፣ ከጊዜ በኋላ ብሩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣል። ካሸግሽ በኋላ ጆሮሽ ሥር ነቅንቂው፤ ድምፅ ካለው እንደገና ፍቺው። አታጽጂውም።

ሰኞ ገበያ፦ ስለ ጠገራ ብር ከተነሳ፣ የኔው ላይ 1780 ተጽፎበታል። ከ200 ዓመት በላይ ስለሆነ ቅርስ ነው፣ አይወጣም አሉኝ።

አይጠየፍ፦ ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው፣ ወንድሜ። ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ይዞ ወጣ። ጣሊያንም በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ መትቷል።

ሰኞ ገበያ፦ የኔ የሮም ነው ማለትህ ነው? ከአያት የወረደ ነው።

አይጠየፍ፦ መዝነው። 28.07 ግራም ገደማ ከሆነ እውነተኛ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ሚዛን ሐሰተኛውን ይለይ ይሆናል፤ የሮሙን ከቪየናው በምን ይለያል? ሁሉም አንድ ክብደት ነው የተመታው።

አይጠየፍ፦ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ቁጠራ!

ጦሳ፦ ክርክራችሁን ሰኞ ገበያው ላይ ጨርሱት። ለመላክ የሚያስቸግረው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ከሺህ 833 እጁ የብር ማዕድን ነው፣ ሳንቲምም ነው። በፖስታ ደንብ ሳንቲም፣ ገንዘብ፣ ወርቅና ብር መድን በሌለው ተራ ደብዳቤና ጥቅል ውስጥ አይገባም። ስለ ዕድሜው ደግሞ ከመላክህ በፊት አዲስ አበባ ቅርስ ባለሥልጣን አስይተህ ወረቀት ያዝ። «ይሆናል» እያልክ ጉምሩክ ፊት አትቁም።

አራዳ፦ የብራና መጽሐፍስ? የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍስ?

ጦሳ፦ አይሆንም። የቅርስ አዋጁን፣ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም.ን አንብብ። ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥና ለኤግዚቢሽን ካልሆነ ቅርስ አይወጣም፣ ያም በሚኒስትር ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ አልመልስም።

ሆጤ፦ የመከታተያ ቁጥሩ ካለኝ ግን ቢጠፋ ይከፍሉኛል አይደል?

ጦሳ፦ ከላይ ምን አልኩ? ቁጥር የት እንደጠፋ ይነግርሃል። የሚከፍልህ መድን ነው።

ቦርከና፦ ቀረጥ እንዳይበዛበት «ስጦታ፣ 5 ዩሮ» ብዬ ልጻፍለት?

ጦሳ፦ ጻፍ፣ ከዚያ ሲጠፋ 5 ዩሮ ጠይቅ! ካሳ ከገለጽከው ዋጋ አይበልጥም። የአውሮፓ ኅብረት የ22 ዩሮ የታክስ ነፃነት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፤ የተሸጠ ዕቃ ከመጀመሪያው ሳንቲም ታክስ አለው። የ45 ዩሮው ነፃነት ግለሰብ ለግለሰብ ለሚልከው እውነተኛ ስጦታ ነው። አሜሪካም የ800 ዶላሩን የቀረጥ ነፃነት ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አቁሟል። የጉምሩክ መግለጫ ቅጹ እስከ 300 ኤስዲአር ሲኤን 22፣ ከዚያ በላይ ሲኤን 23 ነው። «ወረቀት» ብለህ አትጻፍ፤ «የፖስታ ቴምብሮች፣ ለስብስብ፣ 40 ፍሬ» በል፣ የታሪፍ ቁጥሩ 9704 ነው። የሽያጭ ደረሰኝና የፊትና የጀርባ ፎቶ ቤትህ ይቅር።

ሮቢት፦ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ቢሄድ አይፈጥንም?

ጦሳ፦ ደረቅ ወደብ ለኮንቴነር ነው።

ሳላይሽ፦ ተጎድቶ ቢደርስስ?

ጦሳ፦ ተቀባዩ መጠቅለያውን አይጣል፣ እዚያው ለፖስታ ቤቱ ያስመዝግብ። የጠፋ ከሆነ አቤቱታው ከላክሽበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ የምታቀርቢውም አንቺ ላኪዋ ነሽ። «ትንሽ ልታገሥ» እየተባለ ነው ጊዜው የሚያልፈው።

ሮቢት፦ የኔ ቁጥር አይሠራም።

ጦሳ፦ «አይሠራም» ማለት ምን ማለት ነው? ቁጥሩን ጻፍ።

ሮቢት፦ አር አር 004727364 ኢ ቲ። «አልተገኘም» ይላል።

ጦሳ፦ አሁን ጥያቄ መጣ። ዘጠነኛው አኃዝ ማረጋገጫ ነው፣ ከስምንቱ ይሰላል። ስምንቱን በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9፣ 7 አባዛና ደምር። ያንተ 0፣ 0፣ 16፣ 14፣ 6፣ 35፣ 27፣ 42፤ ድምሩ 140። ለ11 ስታካፍል 8 ይተርፋል፤ 8ን ከ11 ስትቀንስ 3። (10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ይጻፋል።) ያንተ የሚያልቀው በ4 ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፤ አንድ አኃዝ ተሳስተሃል።

ሮቢት፦ ደረሰኙን ድጋሚ አየሁት። አራተኛው 7 ሳይሆን 1 ነው መሰለኝ፣ ደብዝዟል።

ጦሳ፦ 7ቱ 1 ከሆነ ድምሩ 128፣ ቀሪው 7፣ መልሱ 4። ገጠመ። ደረሰኙን አሁኑኑ ፎቶ አንሳው፤ ያ ወረቀት ሙቀት ሲያገኝ ጨርሶ ይነጣል፣ አቤቱታ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይቀበሉህም።