«የጁ አውራጃ» የሚል ወረቀት ይዞ የት ይኬዳል?

እህቴ፣ የአባትሽን የድሮ ወረቀት ይዘሽ የጁ የሚል ቢሮ እንዳጣሽ ነግረሽን ወዴት ልሂድ ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ ወረቀቱ ምንም አልጎደለውም። «ወሎ ክፍለ ሀገር፣ የጁ አውራጃ» ማለቱ በጊዜው ልክ ነው። አሁን የጁ የሚል ቢሮ ያጣሽው አውራጃ የሚባለው ስለቀረ ነው። እኔም መርሳ ያደግኩ ነኝ፤ በአጎቴ የውርስ ጉዳይ ስመላለስ ያየሁትን ልንገርሽ።

ወሎ ክልል ነው ወይስ ዞን ላልሽው፣ በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ከሥሩ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ። ደርግ ክፍለ ሀገር አለው፤ ዋና ከተማው ያው ደሴ። በ1980 ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ። በ1984 ክልሎች ሲዋቀሩ አብዛኛው አማራ ክልል ገባ፤ ዛሬ ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ ዋግ ኽምራና ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። አውሳ ወደ አፋር ሄደ። አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ ተካለሉ፤ የዚህ ጭቅጭቅ እስካሁን ስላልበረደ እዚህ ባንከፍተው ይሻላል።

ወደ አንቺ ጉዳይ ስንመለስ፣ የጁ ዛሬ በዋናነት ሁለት ወረዳ ነው፤ ሀብሩና ጉባ ላፍቶ። ወልድያ ለብቻዋ የከተማ አስተዳደር ናት። አባትሽ የሲሪንቃ ወይም የውርጌሳ ሰው ከሆኑ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው መርሳ ትሄጃለሽ፤ የሳንቃ ከሆኑ ጉባ ላፍቶ። መንደሩን በትክክል ካላወቅሽ አክስቶችሽን «ገበያ የምትወጡት የት ነበር?» በያቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው የገበሬ ማኅበር ስም ደግሞ ከሌላው ጋር ተጠቃሎ ቀበሌ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል በአሁኑ ስም ባታገኚው አትደንግጪ።

ዞን ቀድመሽ አትሂጂ። ሰሜን ወሎ ዞን የክልሉ ቅርንጫፍ ነው፤ የተመረጠ ምክር ቤትና የራሱ በጀት ያለው ወረዳው ነው፤ የአርሶ አደሩ ፋይልም ያለው እዚያው። ከዞን መልሰው ወረዳ ይልኩሻል፤ የትራንስፖርት ኪሳራ ነው የሚተርፍሽ።

እኔንና አጎቴን አንድ መሥሪያ ቤት «የጁ የሚባል ወረዳ የለም፣ ወረቀቱን አስተካክላችሁ ኑ» ብሎ መልሶናል። የድሮ ሰነድ ማን ያስተካክላል? ያዳነን መጀመሪያ ቀበሌ ሄደን የሚያውቋቸውን ሽማግሌዎች ማስመስከራችን ነው፤ በዚያ ላይ ወረዳው «በቀድሞው የጁ አውራጃ የነበረው ይህ ቦታ አሁን በወረዳችን ሥር ነው» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልን። ደብዳቤው ላይ የቀበሌው የድሮም የአሁንም ስም እንዲገባ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ዋናውን ወረቀት ደግሞ ለማንም አትስጪ፣ ፎቶ ኮፒ ይበቃቸዋል።