ወደ ፌስቲቫል በፌስታል አይኬድም

እህቴ፣ «ነሐሴ ላይ እናቴን ይዤ ኮሎራዶ፣ ቴሉራይድ የእንጉዳይ ፌስቲቫል ልሄድ ነው። ለስኳሯ የሚሆን መድኃኒት ይገኛል? ምን ልያዝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። «ጃኬት ያዢ» ያሉሽ ልክ ናቸው፤ ግን ዋናውን አልነገሩሽም። እኔ አምና እናቴን ይዤ ከአውሮራ ሄጄ ነበር። የእኔን ስህተት እንዳትደግሚው ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

1. መኝታ ዛሬውኑ ያዢ። ፌስቲቫሉ ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሰው ከየቦታው ይመጣል። ከተማዋ ግን ተራራ ጉያ ውስጥ የተወሸቀች ሚጢጢ ናት። እኔ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብፈልግ ያገኘሁት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ቦታ ነው።

2. ከፍታው 2,667 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባም ይበልጣል። «እናቴ የደጋ ሰው ናት» እንዳትዪ። እኔም ብዬ ነበር። እማዬ ከደጋ ከወጣች ስንት ዓመቷ! የመጀመሪያውን ቀን ራሷን ይዛ ዋለች። ደርሳችሁ አንድ ቀን እረፉ፣ ውሃ ጠጡ።

3. ፌስታል እንዳትይዢ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያንገበገበኝ ይሄ ነውና።

ከአዋቂ ጋር ጫካ የሚወጣ ቡድን አለ። እኔ ስደርስ ቦታው ሞልቷል። «ጫካ ጫካ ነው፣ ራሳችን እንወጣለን» አልኩ። ለመልቀም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ መንገድ ላይ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። በጣቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። አንብቤ ጥያቄ ይዤ ስመለስ ምሳ ወጥታለች። እማዬ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀችኝ። አሁንም ሳስበው ይበግነኛል።

ጫካው ግን! ጥዱ ሥር እንጉዳይ እንደ አሸን ፈልቷል። እማዬ ጎጃም ነው ያደገችው። ልጅ ሳሉ «የጅብ ጥላ» እያሉ በእግራቸው ነበር የሚረጋግጡት። እዚያ ግን ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ጎመን ትቀነጥሰው ጀመር። ሁለት ፌስታል ሞላን። ፖርቺኒ የሚሉት፣ ከቆቡ ሥር እንደ ስፖንጅ የሆነው፣ ሳህን የሚያክል አግኝተናል። ጥብሱ በልቤ ይንጣጣል።

ከተማ ስንመለስ ባለሙያዎች የእንጉዳይ ዘር የሚለዩበት ድንኳን ጋ ተሰለፍን። እዚያ የነበረችው ሴት፣ አክብራ ነው ያነጋገረችን፣ ፌስታሉን ከፍታ ዝም አለች። አልቦ ተላቁጧል። ፌስታል አያስተነፍስማ። ግማሹን ደግሞ እማዬ ከአንገቱ ነው የቀነጠሰችው፤ ሥሩ ካልታየ ብዙው አይለይም። ከዚያ ከመሃል አንዲት ትንሽ ቡናማ አወጣች። ጋሌሪና ትባላለች፣ የበሰበሰ እንጨት ላይ ነው የምትበቅለው። መርዟ ጉበት ያጠፋል፣ ብትቀቅያትም አይለቅም። ክፋቱ፣ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ ሻል ይልሻል። ዳንኩ ስትዪ ጉበትሽ ይሄዳል። «መንካቱ አይደለም ችግሩ፣ ፍርፋሪዋ ነው» አለችኝ። ሁለቱም ፌስታል ተደፋ። ፖርቺኒውም አብሮ። እማዬ ሰው የሞተ ይመስል ከንፈሯን መጠጠች።

ስለዚህ ቅርጫት ወይም የወረቀት ከረጢት ያዢ። እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻ። ከነሥሩ አንሺው። ባለሙያ ያላየው አፍ አይገባም፣ አለቀ።

4. የስኳሩን ነገር። እንጉዳይ መድኃኒት ሰጥቶናል፣ እውነት ነው፣ ግን በላብራቶሪ አልፎ ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት አጎቴ የሚውጠው ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ የእንጉዳይ ዘመድ ፈንገስ የመጣ መሆኑን የሰማሁት እዚያ ነው። አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። ጃፓን ውስጥም ከአንድ የዛፍ እንጉዳይ የወጣ መድኃኒት ከካንሰር ሕክምና ጋር ይሰጥ ነበር። «ለሁሉ በሽታ ይሆናል» ተብሎ በጠብታ ጠርሙስ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። እኔ ስመለስ ከአንድ ሱቅ በ60 ዶላር ገዝቼ ያው ፍሪጅ ውስጥ ቆሟል። የእናትሽን ክኒን እንዳታስቆሚ። ጠርሙስ ከገዛሽም መጀመሪያ ለሐኪማቸው አሳዪ።

ስለ «አስማተኛው» እንጉዳይም፣ ሲበሉት ስለሚያቃዠው፣ ያወሩሻል። ኮሎራዶ በ2022 በሕዝብ ድምፅ ለአዋቂዎች መያዙን ከወንጀል አውጥታዋለች። የፌደራሉ ሕግ ግን እስካሁን ይከለክላል። አንቺም እንደ እኔ ግሪን ካርድ ላይ ከሆንሽ፣ ማንም «እንካ» ቢልሽ አትንኪ። ዜግነት የሚሰጠው ኮሎራዶ አይደለም።

ጊዜው ፍልሰታ ላይ ስለሚውል እናትሽ ይጾሙ ይሆናል። እንጉዳይ የጾም ነው ብለሽ አትዘናጊ። እኛ ያየነው አብሳይ ሁሉ በቅቤ ነው የሚጠብሰው። ጠይቂ።

ቅዳሜ ሰልፍ አለ፣ እንዳያመልጣችሁ። ሰው ሁሉ እንጉዳይ መስሎ ይወጣል። እማዬ ዝናብ ፈርታ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቀይ ጃንጥላዋን ዘርግታ ዳር ቆማለች። አለባበሷ ለሰልፉ የተሠራ መስሏቸው እያጨበጨቡ እጇን ይዘው መሃል አስገቧት። «የጅብ ጥላ ሆንኩ እኮ!» እያለች እስከ መጨረሻው ሄደች። ዘንድሮም እንሂድ ብላለች። ቅርጫቱን ከአሁኑ ገዝታ በር ሥር አስቀምጣዋለች።