ጎረቤቴ ጋ ፍሬ በፍሬ፣ እኔ ጋ ቅጠል ብቻ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ነው። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ጨውና ንፋሱ የተከልኩትን ሁሉ ያቃጥልብኛል። የተረፈልኝ አጥር ዳር ያለው ያውፖን የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ግን በብርዱ ወራት የጎረቤቴ በቀይ ፍሬ ሲያጌጥ የኔ አንዲትም አያሳየኝም። በየፌብሩዋሪው እከረክመዋለሁ። ነቅዬ ልጣለው? ትንንሽ ልጆችም ስላሉኝ ፍሬው ይጎዳ እንደሆነ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አይንቀሉት! ያውፖን ከደቡብ ቨርጂኒያ እስከ ፍሎሪዳና ቴክሳስ በዱር የሚበቅል የዚያው አገር ተክል ነው። ጨዋማ ንፋሱንም አሸዋውንም ድርቁንም ይችላል፤ ለእርስዎ ግቢ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው መቀሱን ነው። አበባው የሚወጣው ባለፈው ዓመት በበቀለው እንጨት ላይ ስለሆነ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ዙሪያውን ሲከረክሙት የዘንድሮን ፍሬ ገና እንቡጡ ሳይፈነዳ ቆርጠው ጣሉት ማለት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ይተዉት። ቅርጹ ካስጨነቀዎት ከልክ በላይ የረዘሙትን ቅርንጫፎች ብቻ እየመረጡ ከሥራቸው ይቁረጡ።

ሌላው ጉዳይ ጾታው ነው። እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፣ የሚያፈራውም ሴቴው ብቻ ነው። ወንዴ ከሆነ ማዳበሪያ ቢከምሩለትም አያፈራም። ጸደይ ላይ ሲያብብ ጠጋ ብለው ይዩት። አበባዋ ነጭና በጣም ትንሽ ናት፤ መሃሏ ላይ አረንጓዴ ድብልብል ነገር ካለ ሴቴ ነው፤ ቢጫ ዱቄት የተሸከሙ ቀጫጭን ዘንጎች ጎልተው ከወጡ ወንዴ ነው።

ወንዴ ሆኖ ቢገኝም ይቆይ፣ ሴቴዎቹ እንዲያፈሩ ንቦች ዱቄቱን የሚወስዱት ከእሱ ነውና። አጠገቡ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ቦታ ላይ አንድ ሴቴ ይጨምሩ። ችግኝ የሚገዙ ከሆነ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ፣ ፍሬው ላዩ ላይ እያለ አይተው ይግዙ። ለአጭር አጥር የሚሸጡት ድንክ ዓይነቶች አብዛኞቹ ፍሬ ስለማያሳዩ ይለፏቸው። ጎረቤትዎ ቅርንጫፍ ከሰጡዎትማ ከሁሉም ይሻላል፤ ከሴቴ ተቆርጦ ሥር የሰደደ ሁልጊዜ ሴቴ ነው፣ ከዘር የበቀለ ግን ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ፍሬውን ልጆች እንዳይበሉት ይጠብቁ፤ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። የወፎች ምግብ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ካፌይን አለው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ቆልተው እያፈሉ ይጠጡት ነበር። እርስዎም መሞከር ካማረዎት፣ ተክሉን በትክክል በሚያውቅ ሰው አስለይተው ይሁን፤ የሚመሳሰሉት ቁጥቋጦዎች ብዙ ናቸው።